ድምፅን ማሟሟቅ ወይስ ማፍታታት?

ጀማሪ ዘማሪም ሆነ ድምፃዊ ወደ ልምምድ ክፍል እንደገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ድምፅህን አሟሙቅ» የሚል ነው። ቃሉ ከስፖርት ሜዳ የተወሰደ ነው። ሯጭ ከመሮጡ በፊት ሰውነቱን እንደሚያሟሙቅ ሁሉ ዘፋኝም ጉሮሮውን ማሞቅ አለበት ተብሎ ይታሰባል። ከዚህም የተነሣ አንዱ ትኩስ ሻይ በዝንጅብል ይጠጣል፤ ሌላው ማር ይልሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ «እስኪሞቅ ድረስ» በሚል፣ ልምምዱ ሳይጀመር መድረስ የሚችለውን ከፍተኛ ድምፅ እያወጣ ይጮኻል። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከርለት ሐሳብ አጭር ነው። ለጀማሪ ድምፃዊ ከልምምድ በፊት የሚደረግ ዝግጅት እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ዓላማው ግን ማሞቅ አይደለም። ዓላማው ድምፅን በተቻለ መጠን በትንሽ የአየር ግፊት ማስነሣትን መልመድ ነው። ስለዚህም «ማሟሟቅ» ከሚለው ይልቅ «ማፍታታት» የሚለው ቃል ለጉዳዩ የቀረበ ነው እንላለን። ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። አንድ ወጣት በተሳሳተው ቃል ምክንያት የሚመርጠው ልምምድ ድምፁን ሊያለማለትም ሊያበላሽበትም ይችላልና።

«የፊዚክስ መምህርን ስለ ዜማ ምን አገባው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሳችን ከታሪክ የተገኘ ነው። ሕያው ሰው ድምፅ ሲያወጣ የማንቁርቱን ሥራ በመስተዋት አይቶ በዝርዝር የመዘገበው ሰው የፊዚክስ ሊቅም ሐኪምም አልነበረም። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ የዘፈን መምህር ነበር። ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ1854 ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስተዋት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ የፀሐይ ብርሃንን በሌላ መስተዋት እያንጸባረቀ የራሱን ማንቁርት ተመለከተ። ያየውንም በዓመቱ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። የዘፈን መምህሩ በዚህ ሥራው ለሳይንስ ትልቅ በር ከፈተ። ዛሬ ሳይንስ ለዘፈን መምህሩ የሚመልሰው ብድር አለበት ብለን እናምናለን።

አውታር የተባለው አውታር አይደለም

የድምፃችን ምንጭ በአማርኛ በተለምዶ «የድምፅ አውታር» ይባላል። ስሙ የክራርን ወይም የበገናን አውታር ያስታውሰናል፤ በተወሰነ ደረጃም ያሳስተናል። በማንቁርት ውስጥ የሚገኙት እንደ ክር የተወጠሩ አውታሮች ሳይሆኑ፣ ከጡንቻና ከለስላሳ ሽፋን የተሠሩ ሁለት እጥፋቶች ናቸው። ርዝመታቸው በአዋቂ ወንድ ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር፣ በአዋቂ ሴት ደግሞ ከ12 እስከ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የላይኛው ሽፋናቸው ልስልስና እርጥብ ሲሆን፣ ከሥሩ ካለው ጡንቻ በመጠኑ ነጻ ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ስናወጣ በዋናነት የሚርገበገበው ይህ ሽፋን ነው።

የሚያርገበግበውስ ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1950 ራውል ኡሶን የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ እያንዳንዱ እርግብግቢት ከአንጎል በሚላክ የነርቭ ምልክት የሚቀሰቀስ ነው የሚል መላ ምት አቅርቦ ነበር። መላ ምቱ ግን ሊጸና አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1958 ያንቪለም ፋን ደን ቤርግ የተባለው ሆላንዳዊ ሳይንቲስት እርግብግቢቱ የሚፈጠረው ከሳንባ በሚወጣው አየርና በእጥፋቶቹ የመለጠጥ ባሕርይ መካከል በሚካሄድ መስተጋብር መሆኑን አብራራ። አየሩ ከሥር ይገፋል፤ እጥፋቶቹ ይከፈታሉ፤ በመለጠጥ ባሕርያቸውና በአየሩ ፍሰት ምክንያት ተመልሰው ይዘጋሉ፤ ግፊቱም እንደገና ይከፍታቸዋል። ይህ ዑደት በሰከንድ 440 ጊዜ ሲደጋገም የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚቃኙበትን የ440 ኸርዝ ድምፅ እንሰማለን።

ከዚህ ለጀማሪው የሚጠቅም ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። ዘፋኝ እያንዳንዱን እርግብግቢት በፈቃዱ አያዝም፤ ሊያዝም አይችልም። ማድረግ የሚችለው ሁኔታዎችን ማመቻቸት ብቻ ነው። እነዚህም እጥፋቶቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ፣ ምን ያህል እንደሚወጠሩ፣ አየሩ በምን ያህል ግፊት እንደሚመጣ፣ ከእጥፋቶቹ በላይ ያለው የጉሮሮና የአፍ ክፍተት ምን ቅርጽ እንደሚይዝ ናቸው። ሁኔታዎቹ ከተመቻቹ ድምፁ በራሱ ይነሣል። ካልተመቻቹ ግን ጀማሪው የሚያውቀው አንድ መፍትሔ ብቻ ነው፤ እርሱም መግፋት ነው።

ትንሹ ግፊት

ኢንጎ ቲትዘ የተባለው የድምፅ ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባቀረበው ስሌት እጥፋቶቹ መርገብገብ ይጀምሩ ዘንድ የሚያስፈልገው ትንሹ የሳንባ ግፊት በምን በምን እንደሚወሰን አሳይቷል። ሽፋኑ ዝልግልግነቱ በጨመረ፣ ማለትም እንደ ማር መጓተት ባበዛ መጠን የሚያስፈልገው ግፊት ከፍ ይላል። እጥፋቶቹ ድምፅ ከመጀመሩ በፊት እርስ በርስ ባላቸው ርቀት መጠንም እንዲሁ ከፍ ይላል። ዝቅ ባሉ ድምፆች ላይ ይህ ትንሹ ግፊት 300 ፓስካል ገደማ ነው። ይህም 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ከሥሩ ከሚፈጥረው ግፊት ጋር እኩል ነው። በተለመደው ንግግር የምንጠቀመው ከ500 እስከ 1,000 ፓስካል ያህል ሲሆን፣ በኃይል የሚዘፍን ሰው ግን 2,000 እና ከዚያም በላይ ሊደርስ ይችላል።

እነዚህን ቁጥሮች ከሌላ ስሌት ጋር እናዛምዳቸው። አንዲት ጀማሪ ዘማሪ በአማካይ በ250 ኸርዝ ለአንድ ሰዓት ተለማመደች እንበል። ከሰዓቱ ግማሹን ብቻ ድምፅ አውጥታ ግማሹን አድምጣለች ብንል፣ 1,800 ሰከንድ በ250 ሲባዛ 450,000 ይሆናል። በአንድ የልምምድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱ ለስላሳ ሽፋኖች አራት መቶ ሃምሳ ሺህ ጊዜ ይጋጫሉ ማለት ነው። ግጭቱ ለስላሳ ከሆነ ሰውነት ይችለዋል፤ የተፈጠረውም ለዚሁ ነው። ነገር ግን ከሚያስፈልገው በላይ በሆነ ግፊት፣ በተጨነቀ ጉሮሮ የሚደረግ ከሆነ የእያንዳንዱ ግጭት ጉዳት እየተደመረ ይሄዳል። መጎርነን፣ የሽፋን ማበጥ፣ ሲቆይም በእጥፋቶቹ ላይ የሚወጣ እብጠት የሚመጡት ከዚህ ነው። ስለሆነም የጀማሪው የመጀመሪያ ትምህርት ከፍ ያለ ድምፅ ማውጣት ሊሆን አይገባም። ትንሹን ግፊት ማግኘት ሊሆን ይገባል።

ሙቀቱስ?

አሁን ወደ «ማሟሟቅ» እንመለስ። የሰውነታችን ውስጣዊ ሙቀት 37 ዲግሪ ሴልሽየስ ገደማ ነው፤ ማንቁርታችንም በዚሁ ሙቀት አቅራቢያ ይኖራል። የምንጠጣው ትኩስ ሻይ ደግሞ በምግብ ቧንቧ በኩል ያልፋል እንጂ የድምፅ እጥፋቶቹን አይነካም። በምንውጥበት ጊዜ ማንቁርታችን ይዘጋል፤ አለዚያማ ትን ይለን ነበር። ስለዚህ ዝንጅብል በማር የጉሮሮን ስሜት ሊያስታግሥ ይችል ይሆናል እንጂ ድምፅ የሚፈጠርበትን ቦታ «አያጥብም»።

ዜማ ራሱ ሽፋኑን እያሞቀ ዝልግልግነቱን ይቀንሳል የሚለው ሐሳብስ? ይህ በላቦራቶሪ ተፈትሿል። እ.ኤ.አ. በ1995 በስዊድን ዩሃን ሱንድበርግና ባልደረቦቹ አማተር ዘፋኞች ድምፃቸውን ከማሟሟቃቸው በፊትና በኋላ ትንሹን ግፊት ለኩ። ውጤቱ ከሰው ሰው የሚለያይ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሶፕራኖ ዘፋኞች ላይ ከተሟሟቁ በኋላ በከፍተኛ ድምፆች ላይ የሚያስፈልገው ግፊት ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ እንደተገኘ ዘግቧል። ዝግጅቱ ሽፋኑን እንደ ቅቤ የሚያቀልጥ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት ባልተገኘ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ዝግጅቱ ከንቱ ነው» የሚል ይኖራል። እኛ ግን ከማስረጃው የምንወስደው ትርጉም ሌላ ነው። የዝግጅቱ ጥቅም ከሙቀት ይልቅ በቅንጅት ላይ ያረፈ ይመስለናል። ትንፋሽ፣ ማንቁርት፣ መንጋጋ፣ ምላስና ከንፈር በአንድነት የሚሠሩበትን መንገድ በየዕለቱ እንደገና ማግኘት ነው ዋናው ነገር። ልምድ ያለው ድምፃዊ ይህን ቅንጅት በጥቂት ደቂቃ ሊያገኘው ይችላል። ጀማሪው ግን ገና አያውቀውም። ስለዚህ ዝግጅቱ ለጀማሪው የትምህርቱ መግቢያ ብቻ ሳይሆን ራሱ ትምህርቱ ነው።

ደረቅ አየርና እርጥበት

ከሙቀት ይልቅ በጥብቅ ሊታሰብበት የሚገባው እርጥበት ነው። ሽፋኑ ሲደርቅ ዝልግልግነቱ ይጨምራል፤ ትንሹ ግፊትም ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በበጋ ወራት ማለዳው ብርድ ነው፤ አየሩም ደረቅ ነው። 10 ዲግሪ ሴልሽየስ ሙቀት ያለው አየር ሙሉ በሙሉ እርጥበት ቢሞላ እንኳ በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚይዘው የውሃ ተን 9 ግራም ገደማ ነው። ወደ ሳንባችን ሲደርስ ግን በ37 ዲግሪ 44 ግራም መያዝ ይኖርበታል። ልዩነቱን፣ ማለትም 35 ግራም ያህሉን፣ የሚሰጠው የመተንፈሻ አካላችን ሽፋን ነው። አፍንጫ ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ነው፤ በአፍ በምንተነፍስበት ጊዜ ግን ዕዳው በአብዛኛው ወደ ጉሮሮና ወደ ማንቁርት ይወርዳል።

ከዚህ ሁለት ምክሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በማፍታታቱ ጊዜ፣ ሐረጉ ፋታ በሚሰጥበት ቦታ ሁሉ አየር በአፍንጫ ይሳብ። ሁለተኛ፣ ውሃ ልምምድ ሊጀመር ሲል በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ይጠጣ። የጠጣነው ውሃ ወደ ድምፅ እጥፋቶቹ የሚደርሰው በደም በኩል ዞሮ ነው፤ ለዚህም ጊዜ ያስፈልገዋል።

ግማሽ የተዘጋ አፍ ጥበብ

ሕፃናት መኪና እየነዱ ሲጫወቱ ከንፈራቸውን አርገብግበው «ብርርር» ይላሉ። ይህ ጨዋታ ለጀማሪ ድምፃዊ ከሚታዘዙት ልምምዶች ሁሉ ምናልባት የተሻለው ነው። አፍን ዘግቶ «ምምም» እያሉ ማንጎራጎርም ከዚሁ ወገን ነው። በሁለቱም አፍ በከፊል ይዘጋል፤ አየሩ እንደ ልብ አይወጣም። በዚህ ምክንያት ከእጥፋቶቹ በላይ መጠነኛ ግፊት ይፈጠራል። ይህ የመልስ ግፊት እጥፋቶቹን በጥቂቱ ያራርቃቸዋል፤ ግጭታቸውንም ያለሰልሳል። በተጨማሪም በአፍና በጉሮሮ ውስጥ ያለው የአየር ዓምድ የመንቀሳቀስ ስንፍናው ስለሚጨምር፣ በእያንዳንዱ ዑደት ትክክለኛ ሰዓት ላይ እጥፋቶቹን ያግዛቸዋል። ዥዋዥዌ የሚገፋ ሰው ትክክለኛውን ቅጽበት ጠብቆ በጣት ቢነካ እንኳ ዥዋዥዌው ከፍ ይላል፤ ያለ ጊዜው ቢገፋ ግን ጉልበቱ በከንቱ ይባክናል። በከፊል የተዘጋ አፍ ለእጥፋቶቹ የሚያደርገው የመጀመሪያውን ነው።

በፊንላንድ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የድምፅ ባለሙያዎች የመስተዋት ቱቦ ጫፉን ውሃ ውስጥ አስገብተው ለሕክምናም ለሥልጠናም ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ቲትዘም እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ የእንዲህ ያሉ ልምምዶችን ሳይንሳዊ መሠረት አብራርቷል። እኛ ዘንድ የመስተዋት ቱቦ አያስፈልግም። «ሃይላንድ» እያልን የምንጠራው የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስና አንድ ስትሮ ይበቃሉ።

አንባቢ ይህን ሙከራ በቤቱ እንዲሠራው እንጋብዛለን። ጠርሙሱን እስከ ግማሹ ውሃ እንሙላ። በስትሮው ላይ ከታች ጫፉ 3 ሴንቲ ሜትርና 5 ሴንቲ ሜትር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት እናድርግ። ስትሮውን እስከ መጀመሪያው ምልክት ብቻ አስገብተን በዝግታ «ኡ» እያልን እናንጎራጉርበት። አረፋ እንዲወጣ በአፋችን ውስጥ ያለው ግፊት ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ውሃ፣ ማለትም 294 ፓስካል ያህል መሆን አለበት። እስከ ሁለተኛው ምልክት ብናስገባው ደግሞ 490 ፓስካል ያህል ይሆናል። ይህ ከአዲስ አበባ የከባቢ አየር ግፊት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ ለድምፅ እጥፋቶች ግን ትልቅ ለውጥ ነው። አረፋው በተስተካከለ ፍጥነት ቡልቅ ቡልቅ ካለ ትንፋሻችን የተስተካከለ ነው። አረፋው አንዴ ከበዛ፣ አንዴ ከተቋረጠ ትንፋሹ ገና አልተገራም ማለት ነው። እነሆ በጥቂት ብር የትንፋሽ መለኪያ መሣሪያ አገኘን።

ፊደላችን ያዘጋጀልን ልምምድ

ከአረፋው ቀጥሎ ወደ ተከፈተ አፍ የምንሸጋገርበት ደረጃ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ከውጭ የምንኮርጀው ነገር የለም፤ ፊደላችን በቂ ነው። «መ»ን ከነዝርያዎቿ እንውሰድ። ሳድሷ «ም» ድምፅ ሰጥታ የምትጓዝ ሙሉ ማንጎራጎር ናት። ካዕቧ «ሙ» ከንፈርን አሞጥሙጣ መውጫውን ታጠባለች። ሳልሷ «ሚ» ምላስን ወደ ላንቃ ታስጠጋለች። ሳብዓይቱ «ሞ» እና ኃምሷ «ሜ» መካከለኛ ክፍተት አላቸው። ራብዓይቱ «ማ» አፍን ሙሉ በሙሉ ትከፍታለች። ስለዚህ «ም፣ ሙ፣ ሚ፣ ሞ፣ ሜ፣ ማ» በሚል ቅደም ተከተል ብንሄድ ከተዘጋው ወደ ተከፈተው ደረጃ በደረጃ እንሻገራለን።

ከፊዚክስ አንጻር ይህ ሽግግር ትርጉም አለው። የወንድ አዋቂ የድምፅ ቧንቧ ከእጥፋቶቹ እስከ ከንፈር 17 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። አንድ ጫፉ እንደ ተዘጋ ቱቦ ብንቆጥረው ከ500፣ ከ1,500 እና ከ2,500 ኸርዝ ጋር የተቀራረቡ የራሱ ድምፆች ይኖሩታል። ምላስና ከንፈር ቅርጹን ሲለውጡ እነዚህ ድምፆች ይንቀሳቀሳሉ። በ«ሙ» እና በ«ሚ» የመጀመሪያው ወደ 300 ኸርዝ ሲወርድ፣ በ«ማ» ወደ 700 ኸርዝ ይወጣል። «ሙ»ንና «ሚ»ን የምንለየውም ሁለተኛው የት እንዳለ ሰምተን ነው። ጀማሪ ድምፃዊ አንድ ዓይነት ዜማ ይዞ እነዚህን ስድስት ድምፆች ሲያዞር፣ ጉሮሮውን ሳይጨንቅ የአፉን ቅርጽ ብቻ መለወጥ ይለምዳል።

ዜማውንም ከራሳችን እንምረጥ። በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን በተከታተልንባቸው ዓመታት የተማሪዎች መዘምራን ልምምድ ሲጀምሩ አምስት ተከታታይ ኖታዎችን ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለሱ እንሰማ ነበር። ለእነርሱ ጆሮ ተስማሚ ነው። የእኛ ጀማሪ ግን ጆሮው የተገራው በቅኝቶቻችን ነው። ትዝታ ሜጀር በአምስት ኖታዎቹ መካከል ግማሽ ድምፅ የሌለበት በመሆኑ ለመጀመሪያ ማፍታቻ የተመቸ ነው። አንቺሆዬና አምባሰል በውስጣቸው ጠባብ ርቀቶች ስላሉ ከፍ ያለ ጥንቃቄ ይጠይቃሉ፤ ስለዚህ ለሁለተኛው ወር እናቆያቸው እንላለን። መነሻው በምንነጋገርበት ድምፅ አቅራቢያ ይሁን፤ ወደ ላይ የሚወጣውም ቀስ በቀስ፣ በግማሽ ድምፅ እርምጃ ይሁን።

ለተቃውሞዎች መልስ

በዚህ ሐሳባችን ላይ የሚነሡ ሦስት ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «አባቶቻችን ያለ ስትሮና ያለ አረፋ ዘምረዋል፤ አዝማሪውም ማሲንቆውን አንሥቶ በቀጥታ ይገባበታል» የሚል ነው። ለአባቶች ሥርዓት ያለን አክብሮት ከማንም አያንስም። ነገር ግን ሥርዓቱን ጠጋ ብለን ብንመለከት ምን እናገኛለን? በቤተ ክርስቲያን ዜማ አንድ ቃል መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ዜማ ይባላል። ቀጥሎ በመቋሚያ ይዘመማል። ከዚያም በጸናጽልና በከበሮ በመረግድ ይቀጥላል። በመጨረሻ በጽፋት ይፋጠናል። ይህ ሥርዓት ለድምፅ ማፍታቻ ተብሎ ተሠራ አንልም፤ የራሱ ትርጉም አለው። ነገር ግን ከእርጋታ ወደ ፍጥነት፣ ከትንሽ ወደ ብዙ የሚሄድ መሆኑን ማየት አያዳግትም። ሊቃውንቱ ከበሮውን በመጀመሪያ አላደረጉትም። ዛሬ ልምምዱን በከበሮና በከፍተኛ ድምፅ የሚጀምር የወጣቶች መዘምራን ከአባቶች ሥርዓት የራቀው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ድምፅ ተሰጥኦ ነው፤ ያለው አለው፣ የሌለው የለውም» የሚል ነው። የእጥፋቶች ርዝመትና የጉሮሮ ቅርጽ ከተፈጥሮ የተገኙ መሆናቸውን እንቀበላለን። ሆኖም ተፈጥሮ የሰጠችው መሣሪያውን ነው እንጂ አጠቃቀሙን አይደለም። ከሁሉም በላይ ይህ አባባል ጉዳት አለው። ድምፁ ያለ አግባብ ተገፍቶ የጎረነነበት ወጣት «ተሰጥኦ የለህም» ተብሎ ይሰናበታል። በእርግጥ የጎደለው ግን ተሰጥኦ ሳይሆን አሥር ደቂቃ ነበር። ስንት ድምፅ በዚህ መንገድ እንደጠፋ ማን ቆጠረው?

ሦስተኛው ተቃውሞ «ጊዜ የለንም» የሚለው ነው። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያም ሆነ የአጥቢያ መዘምራን የሚለማመዱት ከሥራና ከትምህርት በኋላ ባለች ጥቂት ሰዓት መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን በስልሳ ደቂቃ ውስጥ አሥሩን ለማፍታታት የሰጠ ቡድን የቀረውን ሃምሳ ደቂቃ በጤነኛ ድምፅ ይሠራበታል። ያልሰጠው ግን የመጨረሻዎቹን ሃያ ደቂቃዎች በጎረነነ ድምፅ ሲታገል ያሳልፋቸዋል።

ሞንታርቦውና ጩኸቱ

አንድ ነገር ሳናነሣ ብናልፍ ክርክራችን ጎደሎ ይሆናል። ጀማሪዎች ከልክ በላይ የሚጮኹት ስላልተፍታቱ ብቻ አይደለም፤ ራሳቸውን ስለማይሰሙም ነው። ኤትየን ሎምባርድ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1911 እንዳሳወቀው ሰው በጩኸት ውስጥ ሲሆን ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ኪቦርዱ በሞንታርቦ እየተለቀቀ፣ አምስት ሰዎች አንድ ማይክሮፎን እየተጋሩ በሚካሄድ ልምምድ ውስጥ የቱንም ያህል የተፍታታ ድምፅ ተመልሶ ወደ መግፋት ይገባል። ሱንድበርግ እንዳሳየው የሠለጠነ የኦፔራ ዘፋኝ ከትልቅ ኦርኬስትራ በላይ የሚሰማው ከኦርኬስትራው የበለጠ በመጮኹ አይደለም። የኦርኬስትራው ኃይል በ500 ኸርዝ አካባቢ ሲበረታ፣ ዘፋኙ በ3,000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን የድምፁን ክፍል በጉሮሮው ቅርጽ ያጎላዋል። ይህ ብልሃት ዓመታትን ይጠይቃል። ለጀማሪው ግን ቀላል መፍትሔ አለ፦ በልምምድ የመጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ድምፅ ማጉያው ይጥፋ።

አሥሩ ደቂቃ

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ትከሻን፣ አንገትንና መንጋጋን እያላሉ «ስስስ» በማለት አየርን በዝግታና በእኩልነት ለማስወጣት እንጠቀምባቸው። ቀጣዮቹን ሦስት ደቂቃዎች በ«ብርርር»፣ ከመካከለኛ ድምፅ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ላይ በመንሸራተት እናሳልፋቸው። ሁለት ደቂቃ በስትሮና በውሃ እናንጎራጉር። የቀሩትን ሦስት ደቂቃዎች ከ«ም» እስከ «ማ» በትዝታ ቅኝት እንዚም። በእነዚህ አሥር ደቂቃዎች ውስጥ ማንም ሰው ከሚነጋገርበት ድምፅ በላይ ኃይል አይጠቀም፤ ጉሮሮውንም «እህህ» እያለ አይጥረግ። የሚያምም ነገር ካለ ወዲያው ይቁም። መጎርነኑ ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው ደግሞ ማርና ዝንጅብሉን ትቶ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ለሙዚቃ መምህራንና ለመዘምራን መሪዎች የምናስተላልፈው ጥሪ ልምምዱን በከፍተኛው ኖታ መፈተንን እንዲያቆሙ ነው። ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን «እስከ የት ትደርሳለህ?» ብለው ከሚጠይቁት ይልቅ «በምን ያህል ትንሽ ትንፋሽ ድምፅ ታወጣለህ?» ብለው ይጠይቁት። ለእኛ ለሳይንስ መምህራንም ድርሻ አለን። የግፊትና የሞገድ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ከሚቀር፣ ተማሪዎቻችን በስትሮና በማስመሪያ የራሳቸውን ድምፅ ቢለኩበት ፊዚክስን ይወዱታል፤ የዜማ ሰዎችም ልኬት ያገኛሉ። የፊዚክስና የሙዚቃ ትምህርት ክፍሎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ በአማርኛ አናባቢዎችና በቅኝቶቻችን ላይ በራሳችን ዘፋኞች የሚሠራ ብዙ ጥናት ይጠብቃቸዋል። ስዊድናውያን ለስዊድናውያን የለኩትን እኛ ለእኛ ልንለካው ይገባናል።

በነገራችን ላይ ይህ አሥር ደቂቃ ለዘማሪ ብቻ የተመደበ አይደለም። ብዙ ተማሪ በሞላበት ክፍል ያለ ማይክሮፎን ቀኑን ሙሉ የሚያስተምር መምህርም የሚኖረው በእነዚያው ሁለት ትናንሽ እጥፋቶች ላይ ነው። እርሱም ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ በመንገድ ላይ ጥቂት «ምምም» ቢል ማንም አይስቅበትም፤ ቢስቅበትም ማታ ድምፁ ተርፎት ይመለሳል።

ለማጠቃለል ያህል፣ ድምፅ የሚሞቅ ብረት አይደለም። በጥንቃቄ የሚፍታታ ቋጠሮ ነው። የተቋጠረን ነገር በኃይል የሚጎትት ሰው ቋጠሮውን ያጠብቀዋል፤ ጫፉን ፈልጎ በቀስታ የሚስበው ግን ይፈታዋል። የጀማሪ ድምፃውያን ሁሉ የመጀመሪያ ጥበብ ይህችው ጫፏን የማግኘት ጥበብ ትሁን።